ከሮማውያን ድንበር መልስ

እሑድ ለማዕዶት ሽማግሌ ሊመጣላት ቀን ተቆርጧል፤ በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ለይኩን ፌርፋክስ ላይ ታየ።

ወሬውን የነገሯት አክስቷ እትዬ እታገኘሁ ናቸው። እትዬ እታገኘሁ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬና ሽሮ፣ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ አላቸው፤ በዚያ ያለፈ ሐበሻ ሁሉ ከዓይናቸው አያመልጥም። ማዕዶት ከምታስተምርበት ኮሌጅ ወጥታ ለአባቷ የአጃ ዱቄት ልትገዛ ጎራ ስትል፣ አክስቷ ዱቄቱን እየመዘኑ፣ ቀና ሳይሉ፣

«ያ ልጅ መጥቷል» አሉ።

«የቱ ልጅ?»

«የቱ ልጅ ትይኛለሽ ደግሞ! የፓርኪንጉ ነዋ። ፀሐይ አቃጥሎታል፣ ጢሙን አሳድጓል። እዚህ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ።»

የማዕዶት እጅ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ። ምን ፈልጋ እንደከፈተችው ጠፋት።

«ምን አለ?»

«ጋሼ ነጋሽን ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፣ ቅር ይላቸው ይሆን? አለኝ። በሽተኛ ልጠይቅ ያለን ሰው ምን ብዬ ልመልሰው? ነገ ከሰዓት በኋላ ና ብዬዋለሁ።» አሁን ቀና ብለው አዩአት። «አጠፋሁ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አላጠፉም» አለች ማዕዶት። ዱቄቱን ተቀብላ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን እንደያዘች ብዙ ቆየች። ከኋላዋ ቦታውን የፈለገ ሰው ጡሩንባ ነፋባት፣ ደገመ፤ አልሰማችውም። ቀብሬዋለሁ ያለችው ነገር ሁሉ፣ በአክስቷ ሦስት ቃል፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ተነሳ።

*

ማዕዶት በልጅነቷ ወደ ሎስ አንጀለስ መጥታ ኢንግልዉድ ያደገች ናት። እናቷ ቀደም ብለው ስላረፉ፣ አባቷ ጋሼ ነጋሽ ኤርፖርት ታክሲ እየነዱ ብቻቸውን አሳደጓት፤ አርኪኦሎጂ አጥንታ እስክትመረቅም አስተማሯት። «ሸክላ ስትለቅሚ ልትውዪ ነው ይህን ያህል የነዳሁት?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ተሳፋሪ በጫኑ ቁጥር ግን «ልጄ ዶክተር ናት፤ የሮማውያን ዶክተር» ሳይሉ አያወርዱም።

ለይኩን በዲቪ የመጣ ነው። ሀገር ቤት የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ እዚህ ሚራክል ማይል ላይ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት መኪና ፓርክ ማድረግ ያዘ። አንድ ቀን ማዕዶት ስብሰባ ረፍዶባት እየሮጠች ቁልፏን ስትሰጠው፣ የኋላ ወንበር ላይ የተጋደመውን ባለሦስት እግር የቅየሳ መቆሚያ አየ።

«ቀያሽ ነሽ?» አላት፣ ሐበሻ መሆኗን እንኳ ሳያጣራ።

«ቀያሽ እንኳ አይደለሁም። ግን እቀይሳለሁ።»

«ምን?»

«የሮማውያንን ድንበር።»

ለይኩን ሳቀ። የጠፋ ዘመዱን ወሬ በድንገት እንደሰማ ሰው ነበር የሳቀው። ማዕዶት ስብሰባው ላይ ስለምን እንደተነገረ እስከ ዛሬ አታስታውስም፤ ያን ሳቅ ግን ታስታውሳለች።

ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር አንድ ጥያቄ ይዞ ይጠብቃታል። ድንበሩ የት ነው? በምን ትለኩታላችሁ? መሬቱ ምን ዓይነት ነው? በጋው ደርሶ ቡድኗ ቀያሽ ሲጎድለው፣ ማዕዶት ለማን ልደውል ብላ አላሰበችም።

አባቷ ግን የሁለቱ መቀራረብ አልተዋጠላቸውም። «መጥፎ ልጅ አይደለም» አሉ። «ቢሆንም ሕይወቴን መሪ ላይ የጨረስኩት፣ መኪና ከሚያቆም ሰው ጋር እንድትኖሪ አይደለም።» ይህን ያሉት እቤታቸው ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ፌርፋክስ ደርሶ፣ ከዚያም ለይኩን ጆሮ ገባ። ለይኩን ሰምቶ ዝም አለ። ዝምታ ልማዱ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም።

*

ድንበሩ ያለው ሮማኒያ ነው፤ ከዳኑብ ወንዝ በስተ ሰሜን፣ በተንጣለለ የስንዴና የሱፍ አበባ ሜዳ ላይ። ሮማውያን በዚያ በኩል ግንብ አልገነቡም። አፈር ቆልለው፣ በእንጨት አጠናክረው፣ በየርቀቱ ምሽግ አቁመው ነው የያዙት። አንድ ዘመን እሳት በላው፤ እንጨቱ ዐመድ ሆነ፣ አፈሩም እንደ ሸክላ ተቃጥሎ ቀላ። ዛሬ የቀረው ከጉልበት የማይበልጥ ጉብታ ነው፤ ገበሬው ሲያርስበት በጥቁሩ መሬት መሐል ቀይ መስመር ብቅ ይላል።

የቡድኑ ሥራ መራመድ ነበር። ሁሉም በአግድም ይሰለፋል፤ በሰውና በሰው መካከል ሰፊ ርቀት አለ። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ በዝግታ ይሄዳል፤ የገንቦ ስባሪ ወይ የዛገ ሚስማር ያየ ቆሞ ትንሽ ባንዲራ ይተክላል። ለይኩን ቦታውን በመሣሪያው ይይዝና ካርታው ላይ ያሳርፋል። ማዕዶት ጉብታው ብቻ አይበቃትም። በወዲያና በወዲህ ያለውን ምድር ሁሉ፣ የጥንቱን መንገድ፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ ሰፈር የነበረበትን ኮረብታ ታስሳለች። ሰው እንዴት እንደኖረበት ካላወቅሁ ድንበሩ ለኔ ምንም አይደለም ትላለች።

እኩለ ቀን ሲሆን ሁሉም የቱት ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ዳቦ፣ ነጭ አይብ፣ ጨው የተነሰነሰበት ቲማቲም ይበላሉ። ሁለቱ ከሰው ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠው በአማርኛ ይከራከራሉ።

«ሰው ድንበር ከሠራ እንዳትመጡብኝ ማለቱ ነው» ይላል ለይኩን።

«ታዲያ ለምንድነው ማዶ ሁሉ የሮማውያን ገንቦ የምናገኘው? ይገበያዩ ነበር። ምናልባትም ይጋቡ ነበር።»

«ይጋቡ ነበር?» አለ አንድ ቀን፣ ቲማቲሙን እንደያዘ ቀርቶ።

«ምናልባት ነው ያልኩት።»

ሁለቱም አቀረቀሩ። ሽመላዎች ከመብራት ምሰሶው ላይ ምንቃራቸውን እያንቋቁ ሰማዩን በድምፅ ሞሉት። ማዕዶት ጆሮዋ ድረስ ሲግላት ተሰማት፤ ፀሐዩ ነው ብላ ባርኔጣዋን ወደ ታች ሳበች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ሆድዋን የሞላ ምሳ በልታ አታውቅም።

እንዲህ ሁለት በጋ አለፈ። ነገሩ የተበላሸው በሁለተኛው ነው።

ያን ቀን ነፋስ ነበር። የሱፍ አበባው እንደ ባሕር ይናወጣል። አጠገባቸው ያለው ማሳ ባለቤት እግራችሁን እንዳታስገቡ ብሎ አስጠንቅቋል፤ ማዕዶትም ጠዋት ለቡድኑ ደጋግማ ተናግራለች። ለይኩን ከእሷ ራቅ ብሎ በሚሄድበት መስመር ላይ በድንገት ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠነጥነው ያደረውን ነገር ፊት ለፊት ለማለት ስላልደፈረ፣ ርቀቱ ድፍረት ሰጠው። ወደ እሷ እጁን ዘርግቶ፣ ባለ በሌለ ድምፁ፣

«ማዕዶት! ታገቢኛለሽ?» አለ።

እሷ ያየችው አፉን ነው፤ ድምፁን ነፋሱ በላው። እጁ የሚያመለክተው ከኋላዋ ያለውን የተከለከለውን ማሳ መሰላት። ልሻገር ወይ? ያላት መስሏት፣ ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አጣመረች። በቡድኑ ምልክት «አይሆንም፣ እዚያው ቁም» ማለት ነው።

ለይኩን ለአፍታ ቆመ። ከዚያ አቀርቅሮ መስመሩን ቀጠለ።

በዚያው ከሰዓት እትዬ እታገኘሁ ደወሉ። ጋሼ ነጋሽ ኤርፖርት፣ ታክሲ መሰለፊያው ላይ፣ ስትሮክ መቷቸው ወድቀዋል። ለይኩን ማዕዶትን ወደ ቡካሬስት አውሮፕላን ማረፊያ ይዟት ሄደ። በመንገዱ ሁሉ ቃል አልተነፈሰም። ስለ አባቴ አዝኖ ነው አለች በልቧ። መለያያው በር ላይ ሲደርሱ ሻንጣዋን አስጨብጧት፣ ዓይኗን ሳያይ፣

«ገብቶኛል ማዕዶት። በኔ በኩል አትጨነቂ» አላት።

ስለ ሥራው መሰላት። አቅፋው አለቀሰች፤ እሱ ግን እንደ እንጨት ደርቆ ቆመ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ያ መድረቅ ነው አብሯት የበረረው።

*

ከዚያ በኋላ የኢሜይል ጊዜ መጣ። «ውድ ማዕዶት፤ ጋሼን እግዚአብሔር ይማራቸው። የሰሜኑ ክፍል አልቋል፤ ካርታውን አያይዣለሁ።» እሷ አንድ የፍቅር ቃል ፍለጋ ደግማ ደጋግማ ታነባለች። ካርታውን ትከፍታለች፤ በነጥቦቹ መሐል እንኳ የሆነ ነገር ትፈልጋለች። ምንም የለም። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ኢሜይል ላይ ኩራትዋ ነቃ። «ውድ ለይኩን፤ ስለ ካርታው አመሰግናለሁ።» እሱም ይህን ሲያነብ፣ እንግዲህ ቁርጥ ነው ብሎ እዚያው ኮንትራቱን አራዘመ። ቀስ በቀስ ደብዳቤው ሳሳ፤ በመጨረሻም ለበዓል ብቻ የሚላክ ሆነ።

ማዕዶት አባቷን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ሐኪም ቤት ማመላለስ ያዘች። ሜዳ መውጣቱን ትታ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረች። የአባቷ ቀኝ እጅ ሰነፈ፤ ምላሳቸውም ቃል እየፈለገ የሚደናቀፍ ሆነ። በዚህ ሁሉ መሐል ዳኛቸው መጣ፦ የጋሼ ነጋሽን መድኃኒት ራሱ እቤት ድረስ የሚያመጣ፣ ባልድዊን ሂልስ ቤት ያለው፣ ረጋ ያለ ፋርማሲስት። እትዬ እታገኘሁ ወደዱት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልላክ ወይ? ሲላት፣ ማዕዶት እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች። ምክንያት ማጣት እንደ ደስታ ነው ብላ ራሷን አሳመነች።

*

ዓርብ ከሰዓት ለይኩን ብርቱካን ይዞ መጣ። ኢንግልዉድ ካለው ቤታቸው በላይ አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ እያሉ ያልፋሉ፤ መስኮቱ ይርገበገባል። ጋሼ ነጋሽ ከመስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ለይኩን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«እንዴት ነዎት ጋሼ? እግዚአብሔር ይማርዎ።»

«ደ... ደህና ነኝ። ተቀመጥ።»

ማዕዶት ውኃ አቀረበችለት። ብርጭቆውን ሲቀበል ጣታቸው ተነካካ፤ ሁለቱም እንዳልተነካኩ ሆኑ። ጠቁሯል። ጆሮ ግንዱ አጠገብ ሽበት አብቅሏል። ሽበቱ ሲወጣ አጠገቡ አለመኖሯ በድንገት አንገበገባት። ወደ ወጥ ቤት ገባችና ብርቱካኑን ያለ ምክንያት ማጠብ ጀመረች።

እትዬ እታገኘሁ ስለ አየሩ፣ ስለ ሮማኒያ ብርድ ጠየቁት። መለሰ። ጋሼ ነጋሽ ግን ትኩር ብለው ሲያዩት ቆይተው፣

«አንተ ልጅ» አሉ። «አንድ... አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ይጠይቁኝ ጋሼ።»

«ልጄን... ለምን ተውካት?»

«ኧረ ነጋሽ! ምን ማለት ነው?» አሉ እትዬ እታገኘሁ ደንግጠው።

ወጥ ቤት ውስጥ የውኃው ድምፅ ቆመ። ለይኩን ብርጭቆውን አስቀመጠ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ይሰማል።

«እኔ አልተውኳትም። እንድታገባኝ ጠየቅኋት፤ እምቢ አለችኝ። እምቢታዋን አክብሬ ራቅሁ፤ ሌላ ምንም የለም።»

«ማን ነው እምቢ ያለህ?»

ማዕዶት በሩ ላይ ቆማለች። ከእጇ ውኃ ይንጠባጠባል።

«አንቺ።»

«መቼ?»

«ማዕዶት፣ እባክሽ። በአባትሽ ፊት...»

«መቼ ነው የጠየቅኸኝ?»

«አባትሽ በታመሙበት ቀን። ጠዋት፣ ሱፍ አበባው ማሳ አጠገብ። ጮኼ ጠራሁሽ። አንቺም እጅሽን አጣመርሽ።»

ማዕዶት ግድግዳውን ተደገፈች። ነፋሱ፣ የተዘረጋው እጅ፣ ከዚያ ማቀርቀሩ፤ ከዚያ የመኪናው ዝምታና «ገብቶኛል» ያላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተገጣጠመላት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገጣጠመ። መጀመሪያ የወጣት ሳቅ ነው፤ ሳቁ ሳያልቅ ዕንባ ሆነ።

«ማሳውን ልሻገር ወይ ያልከኝ መስሎኝ ነው! ሰውየው እንዳትገቡ ብሎናል ብዬ ነው እጄን ያጣመርኩት! አልሰማሁህም ለይኩን። አንዲት ቃል አልሰማሁም!»

ለይኩን ከወንበሩ ተነሣ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላወቀም። እትዬ እታገኘሁ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«አንዴ? አንዴ ብቻ?» ሐዘኗ ወደ ቁጣ ዞረ። «ደግመህ መጠየቅ አቃተህ? ስልክ የለህም? አፍ የለህም? ሦስት ዓመት ካርታ ስትልክልኝ!»

በእሱ ፈንታ የመለሱት ጋሼ ነጋሽ ናቸው።

«መኪና የሚያቆም... ያልኩትን... ሰምተህ ነበር?»

ለይኩን መሬት መሬት አየ። «ሰምቼ ነበር ጋሼ።»

ሽማግሌው ደህነኛ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ከላያቸው አውሮፕላን አለፈ። 

*

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱ ባልድዊን ሂልስ ኮረብታ ላይ ወጡ። ከተማው በሙሉ ከታች ተዘርግቷል፤ ፌርፋክስ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ተራሮች ይሄዳል። 

«ኩራት አልነበረም» አለ ለይኩን። «እጅሽን ሳይ፣ የምጠብቀውን መልስ ነው ያየሁት። ካንቺ ጋር አብሬ እየሠራሁ፣ በልቤ ገና ምድር ቤት ቁልፍ ስቀበል ነበርኩ።»

«እኔም ደግሞ መጠየቅ እችል ነበር» አለች ማዕዶት። ቁጣዋ ደክሟል። «መኪናው ውስጥ ምን ሆነሃል ማለት ነበረብኝ። ኢሜይልህን ሳነብ፣ ለይኩን ምን ሆንክብኝ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም። እንድትለምነኝ ስጠብቅ ነበር።»

«እሑድ ሽማግሌ እንደሚመጣልሽ ሰምቻለሁ።»

«አዎ።»

«ደግ ሰው ነው?»

«በጣም ደግ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

ለይኩን ራሱን ነቀነቀ። «ልረብሽሽ አልመጣሁም። ሥራው አልቆ የመጨረሻው ካርታ ታተመ። ስምሽ ከሁሉ በፊት ነው ያለው። እሱን ልነግርሽ ነበር።»

«ለዚህ ብቻ ውቅያኖስ ተሻገርክ?»

«አይ» አለ። «ድምፅሽን ልሰማ ነው።»

ማዕዶት ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ያ የቲማቲም ምሳ፣ ያ የሸሚዙ አቧራ፣ ማታ ማታ የሚቆረጥማት የእግሯ ድካም ሳይቀር ናፈቃት። የናፈቃት እሱ ብቻ አልነበረም፤ እዚያ ሜዳ ላይ ከእሱ ጋር የነበረችው፣ ፀሐይ ያቃጠላት፣ ጮክ ብላ የምትስቀው ሴት ናፈቀቻት።

*

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ዳኛቸውን ፌርፋክስ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ አገኘችው። በየዓይነቱ አዘዋል፤ ማንም አልነካውም።

«ዳኛቸው፣ ነገ ሽማግሌ አትላክ» አለች። ሌላ ማለት ትፈልግ ነበር፤ አልወጣላትም።

ዳኛቸው ሶፍቱን አንዴ አጥፎ ደግሞ ዘረጋው። «የሮማኒያው ሰውዬ ነው?»

«ታውቃለህ?»

«ስሙን አላውቅም። ግን ስለዚያ ሥራሽ በጠየቅሁሽ ቁጥር ወሬ ትቀይሪያለሽ። ሰው የረሳውን ነገር እንዲህ አይሸሽም።» ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «ሶ... ኦኬ። የጋሼን መድኃኒት አመጣለሁ፤ እሱ አይለወጥም። ብቻ ጥቂት ሳምንት ስጪኝ፤ በፋርማሲው ተላላኪ ልጅ እልካለሁ።»

ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። በመስታወቱ ስታየው መንገዱ ዳር ቆሞ መኪናውን የት እንዳቆመ እንደረሳ ሰው ግራ ቀኝ ይመለከታል። ማዕዶት ለለይኩን ደውላ «ለዳኛቸው ነግሬዋለሁ» አለችና፣ እሱ አፉን ሳይከፍት ዘጋችው። ደስ የሚላት ይመስላት ነበር። ግን ለዚያ ሰው ነው ያለቀሰችው።

*

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ እታገኘሁ ወጥ ቤቱን እየዞሩ ያጉረመርማሉ። «ይኼ ሁሉ ዶሮ ለማን ሊሆን ነው? ሰው ጠርቶ መመለስ! ምን ዓይነት ቀን ነው?» ጋሼ ነጋሽ ግን ሱፋቸውን አልብሱኝ ብለው፣ ክራቫት አስረው ተቀምጠዋል። ማንም አይመጣም ቢባሉ አልሰሙም።

በሩ ተንኳኳ።

የገቡት ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ፊት ለፊት ያሉት ጋሽ ወንድይራድ፣ ሚራክል ማይል ያለው ፓርኪንግ ኃላፊ፣ የለይኩን የድሮ አለቃ ናቸው። ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ ብለው እንደ ወጉ ቆሙ።

«ጋሽ ነጋሽ፣ እንግዲህ የመጣነው ለልጃችን ለለይኩን፣ ልጅዎን ማዕዶትን...»

ማዕዶት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። አላወቀችም፤ አልነገራትም። 

ወጉ የታወቀ ነው። የልጅቷ አባት «ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ኑ» ይላል። እትዬ እታገኘሁም ወንድማቸው ቃሉ እንዳይጠፋባቸው በጆሯቸው አንሾካሾኩላቸው፦ «እናስብበት በላቸው።»

ጋሼ ነጋሽ ቃሉን ፈለጉ፤ አገኙትም።

«ሦስት ዓመት... አስበናል።»

ጋሽ ወንድይራድ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«ልጁስ... የት ነው?» አሉ ጋሼ ነጋሽ።

«ከቤቱ ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ነው። አብሮን መግባቱ ወግ አይደለም ብለን ነው።»

«መኪና ማቆም... ያውቅበታል። በደንብ አቁሞ... ይግባ።» እና ከዚያ ጨመሩ፦ «ይቅርታ... ልጠይቀው።»

ለይኩን ገባ። ጋሼ ነጋሽ ሊነሱለት ሞከሩ፤ ሮጦ ደርሶ ትከሻቸውን ያዘና መልሶ አስቀመጣቸው። እንደ ተቃቀፉ ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም። ከዚያ አባቷ ወደ ኮሪደሩ ዞረው «እሷን... ጠይቋት» አሉ። የሁሉም ዓይን ወደ ማዕዶት ሄደ። ማዕዶት ማንንም አላየችም፤ ለይኩንን ብቻ እያየች፣

«እሺ» አለች።

ዶሮው ተበላ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ከሄዱ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ለይኩን ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ፣ በአባቷ እግር አጠገብ ተቀምጧል።

«ሰመር ላይ አዲስ ሥራ፣ የምሥራቁን ክፍል እንድሠራ ጠይቀውኛል» አለ። «አንቺ ካልሄድሽ አልሄድም።»

«አባቴን ትቼ አልሄድም» አለች ማዕዶት ቶሎ ብላ። «አንተ ሂድ።»

«እታገኘሁ... አለች» አሉ ጋሼ ነጋሽ።

«አለሁ እንጂ!» አሉ እትዬ እታገኘሁ ከወጥ ቤት። «ለሁለት ወር ሱቅ ዘግቼ እመጣለሁ። ሞትኩ እንዴ?»

«አባዬ፣ አልሄድም አልኩ።»

አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «እሺ። ግን... አልሄድም የምትይው አገር... ምን ይመስላል? አንድ ቀን... ነግረሽኝ አታውቂም።»

እውነት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስታጥባቸው ስታጎርሳቸው ስለዚያ ምድር አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ማዕዶት ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። 

«ጠዋት ጉም አለ» አለች። «ከወንዙ ተነሥቶ ሜዳውን ያለብሰዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቻ ነው ከላይ የሚታየው። ከዚያ ፀሐይ ስትወጣ፣ ጉሙ ሲነሣ፣ መጀመሪያ የፈረስ ጋሪዎች ድምፅ ይሰማል...»

«ውሻውስ?» አለ ለይኩን።

«አዎ፣ አንድ ውሻ ነበር አባዬ! የማንም አይደለም። ከእኛ ጋር እኩል ተሰልፎ ይሄድ ነበር። ፕለም ሲወድቅ እየሮጠ ይበላል...»

ጋሼ ነጋሽ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ አለ። ትንፋሻቸው ረጋ ሲል የተኙ መሰላትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አቆመች።

«ቀጥዪ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እየሰማሁ ነው።»

ቀጠለች። ስለ ጉድጓዱ ውኃ ቅዝቃዜ፣ ስለ ስንዴው ሽታ ዝናብ ሲመታው፣ ማታ ሰማዩ እንዴት ሰፊ እንደሚሆን ነገረቻቸው። ለይኩን የዘነጋችውን እየጨመረ፣ እሷ ያጋነነውን እያረመች፣ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ቃል እየቀማ አወሩ። እጆቿ በአየር ላይ ኮረብታና ወንዝ እየሠሩ ነበር፤ ድምፅዋ ከፍ ብሏል፣ እየሳቀች ነው። የአባቷ ደህነኛ እጅ ጉልበቷን ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርግ ነው ያቺ ጮክ ብላ የምትስቀው ሴት መመለሷን ልብ ያለችው።